ሁለት ድስት ስንት ያስወጣል?

ባለፈው ሰኞ እናቴን ተከትዬ ሰኞ ገበያ ሄድኩ። የታላቅ እህቴ ሠርግ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። እናቴ ደግሞ የሠርግ ሸመታ ስትጀምር ጦር የምታዘምት ነው የሚመስለው። ከደብተር የተቀደደች ወረቀቷን ተቀብዬ ሳነብ ሁሉም ነገር ሁለት ሁለት ጊዜ ተጽፏል። ሽንኩርት ለእኛ፣ ሽንኩርት ለእስላሙ ቤት። በርበሬ ለእኛ፣ በርበሬ ለእስላሙ ቤት። (እናቴ በድሮው አነጋገር ነው የምትጽፈው።) ዘይት፣ ቅቤ፣ ቅመም፣ ከሰል፣ ጭልፋ፣ ሁሉም እንደዚያው። መጨረሻ ላይ በትልቁ፦ ድስት፣ ሁለት፣ ትልልቅ።

ጥሩ ሰዓት ያገኘሁ መስሎኝ ሽንኩርት እየመረጥን ሳለ ነገሩን አነሳሁት።

«ማስተርስ ላመለክት ነው» አልኳት።

«ጎሽ የኔ ልጅ! በዚያው በኢኮኖሚክሱ?»

«አይ፣ በሃይማኖቶች መካከል ስለሚደረግ ውይይት፣ ስለ ሰላምና ስለ እርቅ የሚያስተምር ነው።»

የያዘችውን ሽንኩርት መልሳ አስቀመጠችው። «ለሱ ደግሞ ዩኒቨርሲቲ መግባት ያስፈልጋል እንዴ?»

ሻጯ ሚዛናቸውን እንደያዙ ጣልቃ ገቡ። ጥቁር ሻሽ የጠመጠሙ ትልቅ ሴት ናቸው። «ለመመረቅ ከሆነማ ምን አደከመሽ ልጄ? ነይ እኛው እንመርቅሽ!»

ዙሪያችን ያለው ሰው ሁሉ ሳቀ። ከወሎ ላልሆናችሁ፦ እዚህ አገር ምርቃት ማለት ጋዋን ለብሶ ፎቶ መነሳት ብቻ አይደለም። እኔም ሳቅኩ። ግን የእናቴ ጥያቄ እስካሁን አለቀቀኝም፤ ይህን የምጽፈውም ለእሷ ያልመለስኩትን መልስ ለመፈለግ ነው።

አራት ዓመት ኢኮኖሚክስ ተምሬ አእምሮዬ ውስጥ በደንብ የቀረው አንድ ጥያቄ ነው፦ ይሄ ነገር ስንት ያስወጣል፣ ከፋዩስ ማነው? «ወሎ የፍቅር አገር» ሲባል እየሰማን ነው ያደግነው። መድረክ ላይ ይባላል፣ ዘፈን ላይ ይባላል፣ አሁን ደግሞ ቲክቶክ ላይ ቄሱና ሸሁ ተቃቅፈው ከጀርባ ሙዚቃ ገብቶላቸው ይባላል። ፍቅሩ ስንት እንደሚያስወጣና ማን እንደሚከፍል የጠየቀ ግን አላጋጠመኝም። የእናቴ ወረቀት ላይ ያየሁት ግን የዚያው ፍቅር ሒሳብ ነበር።

ለማታውቁት ላስረዳ። ክርስቲያኑ ሙስሊም ያረደውን ሥጋ አይበላም፣ ሙስሊሙም ክርስቲያን ያረደውን አይበላም። በጉ ከአንድ ገበያ ነው የሚገዛው፤ ልዩነቱ የሚመጣው ሲታረድ በሚጠራው ስም ነው። ኤሎይ ፊኬ የሚባል ፈረንሳዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተመው ጽሑፍ ሥጋን በኢትዮጵያ ክርስቲያኖችና ሙስሊሞች መካከል ያለው ድንበር ምልክት አድርጎ አይቶታል። ልክ ነው። እኔን የሚገርመኝ ግን ሰው ድንበሩን ሳያፈርስ አብሮ የሚበላበትን መንገድ ማበጀቱ ነው።

በእኛ ሠርግ የሚሆነው እንዲህ ነው። እናቴ ለእኛ ወገን በሬ ትገዛለች። ከዚያ ሁለት ሙክት ገዝታ ከነሕይወታቸው ለጎረቤታችን ታስረክባለች። ጎረቤታችንን «እማማ» ነው የምላቸው፣ ከተወለድኩ ጀምሮ። አራጁን የሚመርጡት እማማ ናቸው፣ ወጡም የሚሠራው እሳቸው ግቢ በእሳቸው ሴቶች ነው። ለእነሱ የተገዛው ድስትም እዚያው ይቀራል። ለሠርጉ ዳስ ሲጣል ሙስሊም እንግዶች የሚቀመጡበት ወገን ይለያል፤ ጠላ ለማይጠጣው ቀሪቦ ይዘጋጃል። እማማ ልጃቸውን ሲድሩ ነገሩ ተገልብጦ ሙክቱ ወደ እኛ ግቢ ይመጣል። እናቴ ገንዘቡንና በጉን ሰጥታ አንድ ቀን እንኳ «ምን ላይ ደረሰ?» ብላ ድስት ከፍታ አይታ አታውቅም። እሳቸውም አያደርጉትም።

ይሄ ለአንድ ቀን ብቻ የሚደረግ አይደለም። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ከደሴ ነዋሪ 58.6 በመቶው ሙስሊም፣ 39.9 በመቶው ኦርቶዶክስ ነበር። ስለዚህ እዚህ ከተማ ደግሰህ አንድ ድስት ብቻ ከጣድክ የጎረቤትህን ግማሽ አልጠራህም ማለት ነው። ሠርግ፣ ተዝካር፣ ሰደቃ፣ ክርስትና፣ አቂቃ፣ ሁሌም ሁለት ድስት ነው። በዚያ ላይ የሴቶቹን ጉልበት ደምሩበት። ገበያ የሚሄዱት፣ ሽንኩርት የሚከትፉት፣ ማን ከማን ጋር እንደሚቀመጥ የሚያስታውሱት እነሱ ናቸው። ሽማግሌ ተብለው መድረክ ላይ የሚቀመጡት ግን ወንዶች ናቸው። ወደዚህ እመለሳለሁ።

አሁን ስልኬ ላይ የተከፈቱትን ገጾች ላሳያችሁ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሰላምና ደኅንነት ጥናት ኢንስቲትዩት አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2007 ነው የተቋቋመው፣ ማስተርስ ያስተምራል። ኬንያ ሊሙሩ ያለው የቅዱስ ጳውሎስ ዩኒቨርሲቲ ስለ እስልምናና ስለ ክርስቲያን ሙስሊም ግንኙነት የሚሰጠው ማስተርስ አለ። ማዕከሉ ደግሞ ናይሮቢ ኢስሊ ነው፤ ሐበሻና ሶማሌ የሚነግድበት ሰፈር። አሜሪካ ኮነቲከት ውስጥ የቀድሞው ሃርትፎርድ ሴሚናሪ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2021 ስሙን ቀይሮ «የሃይማኖትና የሰላም» ዓለም አቀፍ ዩኒቨርሲቲ ሆኗል።

ብዙ ያፈጠጥኩት ግን ቤልፋስት ላይ ነው። የደብሊን ትሪኒቲ ኮሌጅ አካል የሆነው የአየርላንድ የኢኩሜኒክስ ትምህርት ቤት ግጭት አፈታትንና እርቅን በማስተርስ ደረጃ ያስተማረው እዚያው ቤልፋስት ውስጥ ነው። የካቶሊኩንና የፕሮቴስታንቱን ሰፈር የሚለዩት «የሰላም ግንቦች» ከ1969 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ተገነቡ። ስምምነቱ በ1998 ተፈረመ፤ ግንቦቹ ግን ዛሬም አሉ። አብዛኛው ልጅ ዛሬም በየሃይማኖቱ ትምህርት ቤት ነው የሚማረው። ይህን ሳነብ ደሴ ከማን ጋር በአንድ ዴስክ ተቀምጬ እንደተማርኩ አሰብኩ። ማስተርሱን እነሱ አላቸው፣ አንድ ዴስክ ላይ መቀመጡን ደግሞ እኛ። ታዲያ ማን ነው ከማን መማር ያለበት?

እዚህ ላይ ቆም ማለት አለብኝ፤ ምክንያቱም እንዲህ ማሰብ ይጥማል፣ አንዳንድ ጊዜም ያታልላል።

ከደሴ በስተሰሜን ጥቂት ኪሎ ሜትር ላይ ቦሩ ሜዳ አለ። የእኔ ዕድሜ ሰው ስሙን የሚያውቀው በሆስፒታሉ ነው። በ1870 ዓ.ም. ግንቦት ላይ ግን እዚያ ሜዳ ላይ ትልቅ ጉባኤ ተቀምጧል። አፄ ዮሐንስ 4ኛ ሰብሳቢ፣ ንጉሥ ምኒልክ ተገኝተው፣ ሊቃውንቱ በክርስትናው ትምህርት ላይ ተከራከሩ። የተዋሕዶ ወገን ረታ። ቀጥሎ የመጣው ትእዛዝ ወሎን በቀጥታ የሚነካ ነበር፦ ሙስሊሞች በሦስት ዓመት ውስጥ ክርስትና እንዲነሱ፣ ሹማምንቱ ደግሞ ወዲያው ወይ እንዲጠመቁ ወይ ሹመታቸውን እንዲለቁ። ኢማም ሙሐመድ አሊ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ፤ የክርስትና አባታቸው ራሳቸው ንጉሠ ነገሥቱ ነበሩ። በኋላ ንጉሥ ሚካኤል የሆኑት፣ የልጅ ኢያሱ አባት፣ እሳቸው ናቸው። አመዴ ሊበን ደግሞ ኃይለ ማርያም ተባሉ። አንጠመቅም ብለው ከተነሱት መካከል ሸህ ጠልሃ ጀዕፈር ይገኛሉ፤ የታሪክ ምሁሩ ሁሴን አሕመድ ሕይወታቸውን ለብቻው አጥንቶ ጽፏል።

እስቲ የልጅ ኢያሱን ስም በፋይዳ መታወቂያ ላይ አስቡት። ኢያሱ ሚካኤል አሊ። የእኔም ከዚህ ብዙ አይርቅም። የራሴና የአባቴ ስም ከመጽሐፍ ቅዱስ ነው፣ አያቴ ግን ሰይድ ይባላሉ። ቢሮ ውስጥ ስሜን የሚመዘግብ ሰው ሦስተኛው ላይ ሲደርስ ቀና ብሎ ያየኛል። ልጅ ሆኜ ይሄ የፍቅር ውጤት ብቻ ይመስለኝ ነበር። ሁሴን አሕመድን ካነበብኩ በኋላ እርግጠኛ አይደለሁም። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣ አንድ ጽሑፉ ርዕሱ ራሱ ጥያቄ ነው፤ አብሮ መኖር ነው ወይስ ግጭት፣ ወይስ ሁለቱም? «ተቻችለን ኖረናል» የሚለውን ትረካ እንዳለ ከመቀበል ይልቅ እንደገና መመርመር አለብን ነው የሚለው። አንድ የስም ሰንሰለት ውስጥ ጋብቻ ሊኖር ይችላል፣ ፍርሃትም ሊኖር ይችላል። ቤተሰቤ ውስጥ የትኛው እንደሆነ ማንም አልነገረኝም። እኔም ጠይቄ አላውቅም።

እናቴ እንዳለችው ጉዳዩ ዩኒቨርሲቲ የማያስፈልገው ቢሆን ኖሮ ከቦሩ ሜዳ እስከ ሁለቱ ድስት ያለው መንገድ እንዴት እንደተሠራ ቢያንስ አንዳችን እናውቅ ነበር።

አንድ ግምት አለኝ፤ ሰኞ ገበያ ላይ ቆሜ የመጣልኝ ነው። ሳውሚትራ ጃ የሚባል ኢኮኖሚስት እ.ኤ.አ. በ2013 የሕንድን የድሮ የወደብ ከተሞች ያጠናበትን ጽሑፍ አሳተመ። በመካከለኛው ዘመን የባሕር ንግድ የነበራቸው ከተሞች ሂንዱና ሙስሊም ይበልጥ ተቀላቅሎ የሚኖርባቸው ነበሩ። ከ1850 እስከ 1950 በነበረው ጊዜ ግን የሂንዱና የሙስሊም ሁከት ከሌሎች ከተሞች በጣም ያነሰው እዚያ ነው። ምክንያቱም ደግነት ብቻ አልነበረም። ሙስሊሙ ነጋዴ ከሐጅ ጉዞ ጋር የተያያዘ የንግድ መረብ ነበረው፤ ሂንዱው ነጋዴ ያንን ሊቀማውም ሊኮርጀውም አይችልም። ስለዚህ አብሮ መሥራቱ ይሻለዋል። አንዱ የሌላውን ሥራ አይሻማም፣ ያሟላለታል። በዚያ ላይ ትርፉን የሚካፈሉበት ተቋም ሠሩ፤ ወደቡ ከደኸየም በኋላ ተቋሙ ቀረ።

ወሎ የባሕር ወደብ የለውም። ሰኞ ገበያ ግን አለው፤ ደሴም አለ፣ ወደ አፋር መውጫው ባቲም ላይ አለ። ባቲ ሰኞ ሰኞ አፋሩ፣ ኦሮሞው፣ አማራው የሚገናኝበት ነው፤ አንዱ ያለው ሌላው የለውም። እንዳልዋሽ ግን ልዩነቱንም ልናገር። ወሎ ውስጥ ሙስሊሙ ነጋዴ ብቻ አይደለም፣ አራሽም ነው፤ ክርስቲያኑም ይነግዳል። ስለዚህ የሕንዱ ታሪክ እኛ ላይ ልክ እንደ ጫማ አይገባም። ይሄ መጠናት ያለበት ነው፣ ማመልከቻዬ ላይም የጻፍኩት ይህን ነው።

ሌላው ያስደነገጠኝ ጥናት የእግር ኳስ ነው። ሳልማ ሙሳ የምትባል ተመራማሪ ኢራቅ ውስጥ አይሲስ ያፈናቀላቸውን ክርስቲያን ወጣቶች በዕጣ ለሁለት ከፈለቻቸው። ግማሾቹ ክርስቲያን ብቻ ባለበት ቡድን፣ ግማሾቹ ሙስሊም ተጫዋቾች በተጨመሩበት ቡድን ውስጥ ተጫወቱ። ውጤቱ በነሐሴ 2020 እ.ኤ.አ. ሳይንስ መጽሔት ላይ ወጣ። ተቀላቅለው የተጫወቱት ከወራት በኋላም ከሙስሊሞች ጋር ልምምድ ይሠሩ ነበር፣ ለሙስሊም ተጫዋችም ሽልማት ይመርጡ ነበር። ከሜዳ ውጪ ግን ብዙ አልተለወጡም፤ ሞሱል ሄዶ ምግብ ቤት ለመብላትም ሆነ የተቀላቀለ ግብዣ ላይ ለመገኘት ከሌሎቹ የተለየ ፍላጎት አላሳዩም። ሜዳ ላይ የተገነባው መተማመን የሜዳውን መስመር አልተሻገረም ማለት ነው።

ይህን ያነበብኩ ቀን ስለ ገበያም ስለ ኳስም አልነበረም ያሰብኩት። ስለ ሚያዝያ 2014 ነው።

ከዚያ በፊት የነበረውን ላስቀድም። በጥቅምት 2014 ጦርነቱ ደሴ ሲደርስ እኛና እማማ በአንድ ሚኒባስ ነው የወጣነው፤ በከሚሴ አድርገን ደብረ ብርሃን። በዚያ ወር ሁለት ድስት የሚባል ነገር አልነበረም። ሥጋም አልነበረም። ሽሮ በአንድ ድስት፣ ቆሎ፣ ዳቦ። ማታ እናቴ ታማትባለች፣ እማማ እዚያው አጠገቧ ይሰግዳሉ፤ እኛ ልጆቹ መሐላቸው እንተኛለን። ኅዳር 27 መንግሥት ደሴንና ኮምቦልቻን መልሶ መያዙን አስታወቀ። ስንመለስ የሁለታችንም ቤት ተዘርፎ ነበር። ወሎ ዩኒቨርሲቲም እንዲሁ ተዘርፎ ነው የጠበቀን።

በአምስተኛው ወር፣ ሚያዝያ 16፣ ፋሲካ ሆነ። ከጦርነቱ በኋላ የመጀመሪያው ትልቅ በዓል ስለነበር እንግዳ በዛብንና የእማማን ረከቦት ከነሲኒው ተዋስን። ሚያዝያ 18 ጎንደር ላይ በሸህ ከማል ለጋስ ቀብር ላይ ጥቃት ተፈጸመ፤ ከ20 በላይ ሙስሊሞች መገደላቸውን የክልሉ እስልምና ጉዳዮች ምክር ቤት አስታወቀ። በቀናት ውስጥ ደግሞ ስልጤ ዞን ወራቤ ላይ አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ። ኢድ ሊደርስ ሳምንት እንኳ አልቀረም።

ጎንደር ከደሴ ሩቅ ነው። ቴሌግራም ግን ሩቅ አያውቅም። በሁለት ግሩፖች ውስጥ ነበርኩ፤ አንዱ የሰፈር፣ አንዱ የክፍል ጓደኞቼ። ያው አንድ ቪዲዮ ሁለቱም ጋ መጣ፣ በሁለት የተለያየ ጽሑፍ። አልተሳደብኩም፣ ሼርም አላደረግኩም። ግን እስከ ሌሊቱ ሰባት ሰዓት አየሁ፤ አየሁና የማን ስም እንደወደደው፣ የማን ስም እንዳለቀሰ መቁጠር ጀመርኩ። የእማማ ትንሹ ልጅ ከግሩፑ ወጣ። ስክሪኑ ላይ «ወጥቷል» የሚለውን ቃል ያየሁበት ሰዓት እስካሁን ትዝ ይለኛል።

አራት ቀን ሁለቱ ቤቶች አብረው ቡና አልጠጡም። የተጣላ የለም። በር የዘጋ የለም። እናቴ «ጾም ላይ ናቸው ደክሟቸው ነው» ትላለች፤ እውነትም ረመዳን ነበር። ግን ሌላ ጊዜ ከመግሪብ በኋላ ነበር የሚጠሩን። ረከቦቱ እኛ ቤት ጥግ ላይ ተቀምጧል። እናቴ «መልሺላቸው» ብላ ሁለቴ ላከችኝ፣ ሁለቴም ሰበብ ፈጠርኩ። ሌላ ምንም አልነበረም፤ ፈራሁ። ኢኮኖሚክስ ሦስተኛ ዓመት ሆኜ፣ ደብረ ብርሃን ላይ ጭናቸው ላይ የተኛሁባቸውን ሴትዮ ደጅ ለማንኳኳት ፈራሁ።

በአራተኛው ቀን ማታ እናቴ ራሷ ተሸክማ ሄደች፣ እኔ ተከተልኳት። ከበሩ ላይ «አንድ ሲኒ ሰብረንብዎታል» አለች። እማማ ረከቦቱን ተቀበሉና ሳይቆጥሩ አስቀመጡት። «ሲኒው ይሰበር፤ ግቡ» አሉ። ቡና ተፈላ። ስለ ስኳር መወደድ ተወራ፣ ስለ እህቴ ሥራ ተወራ። ስለ ጎንደር አንድ ቃል፣ ስለ ወራቤ አንድ ቃል አልተነሳም። በዚያች ማታም ሆነ እስከ ዛሬ አልተነሳም።

ይሄ ነው እንቅልፍ የሚነሳኝ። ያ እርቅ ነበር? ወይስ ሁለት ብልህ ሴቶች ስለማይነሳው ነገር ተስማምተው ዝም ማለታቸው? ዝምታውስ ቢሆን፣ እንደ ሁለቱ ድስት የሚሠራ ሕግ ነው? ወይስ ሌላ ሚያዝያ ሲመጣ የማይችል?

እንዲህ ያለውን ነገር ከእኔ በፊት የጠየቀች ሴት አለች። አንትሮፖሎጂስቷ ሜሮን ዘለቀ እዚሁ አጠገባችን፣ በአማራ ክልል ኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ስላለው «የሸኮች ችሎት» እ.ኤ.አ. በ2010 ጥናት አሳተመች፤ በ2015 ደግሞ በዚያው ዞን ስለሚገኘው የጥሩ ሲና ቅዱስ ሥፍራና እርቅ መጽሐፍ ጻፈች። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ክሱን ይዞ ወደ ሸሆቹ ይሄዳል። የመንግሥት ፍርድ ቤት ያስራል፤ እዚያ ግን የሚፈራው ሌላ ነገር ነው። ሰው ዳኛ ፊት ይዋሽና እዚያ መዋሸት ይከብደዋል። እውነት የሚወጣበት ቦታ አለ ማለት ነው፣ ሰው ለገደለና ለሰረቀ። ሲኒ ተመልሶ ዝም ለተባባለ ጎረቤት ግን ችሎት የለም።

ጆን ፖል ሌደራክ የሚባል አስታራቂ በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ኒካራጓ ውስጥ ሲሠራ መዝሙረ ዳዊት ውስጥ ምሕረትና እውነት፣ ፍትሕና ሰላም የሚገናኙበትን ቦታ ሰማ። ከዚያ ወዲህ ተማሪዎቹን በአራት ወንበር ያስቀምጣል። አንዱ እውነትን ሆኖ ይናገራል፣ አንዱ ምሕረትን፣ አንዱ ፍትሕን፣ አንዱ ሰላምን፤ ይከራከራሉ። እሱ በመሠረተው በቨርጂኒያው የሰላም ግንባታ ማዕከል ላይቤሪያዊቷ ሌይማ ቦዊ ተምራለች፤ የክርስቲያንና የሙስሊም ሴቶችን አንድ ሜዳ ላይ አስቀምጣ ጦርነት እንዲቆም የጠየቀችው፣ በ2011 እ.ኤ.አ. ኖቤል የተሸለመችው። እዚያው ያስተማረ የአገራችን ሰውም አለ፤ አስታራቂው ሕዝቅያስ አሰፋ። አብያተ ክርስቲያናት ስላሸማገሉት የ1972ቱ የሱዳን የአዲስ አበባ ስምምነት መጽሐፍ ጽፏል። ያ ሰላም 11 ዓመት ቆይቶ ፈረሰ።

አራቱን ወንበሮች የእማማ ሳሎን ውስጥ አስቀምጬ አየኋቸው። እናቴ የሰላምን ወንበር ማንም አይቀማትም። እማማ ምሕረት ናቸው። እውነት ላይ ማን እንደሚቀመጥ አላውቅም። እኔ በሩ ላይ ቆሜያለሁ።

ስለ ሥራው ዕድል ልትጠይቁኝ ነው፣ አውቃለሁ፤ አባቴም ጠይቆኛል። ሰላም ሚኒስቴር በ2011 ተቋቁሟል፣ አገራዊ ምክክር ኮሚሽኑ በአዋጅ 1265/2014 ተቋቁሟል፣ የሃይማኖት ተቋማት ጉባኤ አለ፤ ከዚያ ውጪ ድርጅቶች ናቸው። አንዱ ያዘጋጀው ሥልጠና ላይ ተገኝቼ ነበር፤ ስሙ ይቅር። ሆቴል ውስጥ፣ ሁለት ቀን፣ በአበል። ተጋባዦቹ ሁለት ቄስና ሁለት ሸህ ነበሩ፤ አራቱም ልጆቻቸውን ሲድሩ የሚጠራሩ ጎረቤታሞች። አሠልጣኙ በስላይድ «መተማመንን መገንባት» ሲያስተምራቸው አንደኛው ሸህ ለአንደኛው ቄስ በሹክሹክታ የመንገዱን ዕቃ ዋጋ ይነግራቸዋል። መጨረሻ ላይ የቡድን ፎቶ ተነሳን። ቡና ያፈሉት ሴቶች ፎቶው ውስጥ የሉም። ቴሌግራም ላይ ሌሊቱን ያደርን ወጣቶችም አልተጠራንም።

ደግሞ ሐቁን እንናገር፤ ከ2015 ክረምት ወዲህ ክልላችን ውስጥ የሚተኮሰው በሃይማኖት ምክንያት አይደለም። ቄሱና ሸሁ ነገ ተቃቅፈው ቢውሉ ያ ጥይት አይቆምም። ስለዚህ ይሄ ትምህርት ሁሉን ይፈታል ብሎ የሚሸጥልኝ ካለ አልገዛም። እኔ የምፈልገው ትንሽ ነገር ነው። ያችን አራት ቀን ማወቅ እፈልጋለሁ።

ማመልከቻው «ለምን ይህን ትምህርት መረጥሽ?» ይላል፣ በአምስት መቶ ቃል። ስለ ገበያው ጽፌያለሁ፣ ስለ ድስቱ ጽፌያለሁ። ስለ ሲኒው የጻፍኩትን ሦስቴ አጠፋሁት፤ የእኔ ብቻ ታሪክ ስላልሆነ።

ረቡዕ ከሰዓት ሙክቶቹ ተነድተው ሲመጡ እኔ ነበርኩ ወደ እማማ ግቢ የወሰድኳቸው። አዲሱን ድስትም አብሬ ይዤ ነበር። ድስቱን በጣታቸው ኳ ኳ አድርገው ሞከሩት፤ «ወፍራም ነው፣ ማሻአላህ» አሉ። እንደምንም ትንፋሼን ሰብስቤ «እማማ፣ ያኔ በፋሲካው፣ ረከቦቱን ስናቆይብዎት… ስለዚያ ሳምንት ልጠይቅዎት እፈልጋለሁ። ለትምህርቴ ነው» አልኳቸው።

ብዙ ዝም አሉ። አንዱ ሙክት ገመዱን ሊበጥስ ይታገላል።

«ከሠርጉ በኋላ ነይ» አሉ። «እናትሽንም ይዘሻት ነይ። ስልኩን ግን ቤት ተይው።»